በቀሐ ሰማይ የሚያልፈው ብርሃን

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ አንድ ማታ፣ ከጎንደር ጥምቀተ ባሕር ዝቅ ብዬ ከቀሐ ወንዝ ዳር ቆሜ ሰማይ አያለሁ። አጠገቤ አንድ የባሕረ ሐሳብ መምህር የኔታ አሉ፤ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። ፀሐይ ከገባች ቆይታለች። ከቁስቋም ኮረብታ በላይ አንድ ብርሃን ብቅ አለ። አይርገበገብም፣ ድምፅ የለውም፣ ከየትኛውም ኮከብ ይደምቃል። በፋሲል ግቢ አቅጣጫ አለፈና፣ አድማስ ሳይደርስ እመሐል ሰማይ ላይ እፍ እንደተባለ ጧፍ ጠፋ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉኝ።

«ቤት ነው፣ የኔታ። ሰው ይኖርበታል።»

«ስንት ሰው?»

«አብዛኛውን ጊዜ ሰባት።»

«የየት አገር ሰዎች?»

የማውቀውን ቆጠርሁላቸው፦ አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ጃፓን፣ አንዳንዴ ካናዳ፣ አንዳንዴ ጣሊያን ወይ ጀርመን። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ከኛስ?» አሉ።

«የለም» አልኋቸው። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን መልሴ ጎደሎ ሆነብኝ። በመንኮራኩር ተሳፍሮ የወጣ ኢትዮጵያዊ እርግጥ የለም። ነገር ግን የሰው ልጅ ወደ ሰማይ ለመውጣት የሄደበት መንገድ በአገራችን ደጋግሞ አልፏል፤ ጎንደርንም ሳይነካ አልቀረም። የኔታ ለጠየቁኝ የሚገባው መልስ ይህ ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ብዬ ካልጠቀስሁ በቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ስለ ቤቱ። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይዞራል። ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ ደብረ ማርቆስ ሳይደርስ የሚጨርሰው ርቀት ነው፤ ልዩነቱ መንገዱ ሽቅብ መሆኑ ነው። ርዝመቱ 109 ሜትር፣ ክብደቱ ከ400 ቶን በላይ፣ ፍጥነቱ በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ምድርን በ90 ደቂቃ ገደማ አንድ ጊዜ ይዞራል። 15 አገሮች የተፈራረሙበት ስምምነት የ1998 ሲሆን፣ የመጀመሪያው ክፍል በዚያው ዓመት ኅዳር ከካዛክስታን ተነሣ። በኅዳር 2000 አሜሪካዊው ሼፐርድ ከሩሲያውያኑ ጊድዜንኮና ክሪካልዮቭ ጋር ገቡበት። ከዚያች ቀን ወዲህ ቤቱ አንድ ቀን እንኳ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

እኔን የሚደንቀኝ ከብረቱ ይልቅ ስምምነቱ ነው። በ2022 ዩክሬን ውስጥ ጦርነት ተቀጣጥሎ ዋሽንግተንና ሞስኮ በብዙ ነገር ሲቋረጡ፣ አሜሪካዊው ፍራንክ ሩቢዮ መስከረም ላይ በሩሲያ ሶዩዝ ወጣ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሩሲያዊቷ አና ኪኪና በአሜሪካ መንኮራኩር ተሳፈረች። የሩቢዮ ሶዩዝ ጠፈር ላይ ሳለ ማቀዝቀዣው ፈስሶ ተበላሸ፤ ሩሲያ ሌላ መንኮራኩር ሰው ሳታሳፍር ላከችለት፤ እሱም 371 ቀን ቆይቶ በሰላም ወረደ። ጦርነት ምን እንደሚያቋርጥ ለጎንደር ሰው መንገር አያስፈልገኝም። መንገድ ይዘጋል፣ ስልክ ይጠፋል፣ ገበያ ይበተናል። እዚያ ላይ ግን የሚተነፍሱት አየር የጋራ ነው፤ አንዱ ወገን ብቻውን ጣቢያውን በምሕዋሩ ማቆየት አይችልም። ስምምነቱን ጠብቆ ያቆየው ይህ መተሳሰር ይመስለኛል፤ የልብ ደግነት ብቻውን ይህን ያህል አይዘልቅም ነበር።

ወደ ቁስቋም ልመለስ፤ ብርሃኑ ብቅ ያለው በዚያ በኩል ነበርና። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ሲደርስ ከተማዋን ፈንጣጣ ይዟት ነበር። እቴጌ ምንትዋብ የቤተ መንግሥቱን ልጆች እንዲያክም ቁስቋም አስገቡት። ሰውየው ከመድኃኒቱ ሌላ መነጽርና ብዙ ሸክም የሚጠይቅ ኳድራንት ይዞ ነበር፤ ኳድራንቱ ከፈረንሳይ ንጉሥ የተሰጠው ነው። በዚያ መሣሪያ ሰማዩን እያየ ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ከ34 ደቂቃ ተኩል ላይ ናት ብሎ ጻፈ። ዛሬ በሳተላይት ሲለካ 12 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ግድም ነው፤ ልዩነቱ በእግር ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥ።

ብሩስ ሲሄድ የመጽሐፈ ሄኖክን ቅጂዎች ይዞ ሄደ። አውሮፓ ይህን መጽሐፍ በሙሉው ካየችው ከሺህ ዓመት በላይ ሆኗት ነበር፤ ምሉዕ ሆኖ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ክፍል ሙሉ በሙሉ ስለ ሰማይ ነው፤ ፀሐይ በምሥራቅ በስድስት በር እየወጣች በምዕራብ በስድስት በር እንደምትገባ፣ ጨረቃም እንዴት እንደምትሞላና እንደምትጎድል ይቆጥራል። በ1821 ኦክስፎርድ ላይ ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። ከኛ የሄደ የሰማይ መጽሐፍ ነው። ወደ እኛ የመጣም አለ፦ የኔታ የሚያስተምሩበት አቡሻክር ስሙን ያገኘው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከነበረ ግብጻዊ ቅብጥ ሊቅ ነው፤ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሶ እዚህ ቤተኛ ሆነ። መጥቅዕና አበቅቴ ተደምረው 30 የሚሆኑበት ሒሳብ ከእስክንድርያ እስከ ጎንደር ብዙ እጅ የዞረ ነው።

ከብሩስ ጋር ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ ወጣት ሠዓሊ ነበር። ዕፅዋቱን፣ ሕንፃውን የሳለ፣ በመለካቱም ያገዘ እሱ ነው። በ1771 እዚሁ ጎንደር ሞተ። ብሩስ በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉ የባሉጋኒን ድርሻ እጅግ አሳንሶ፣ ሥዕሎቹንም የራሱ አስመስሎ አቀረባቸው። አብሮ የደከመን ሰው ስም ማጥፋት ከባድ በደል ነው። ዛሬም ትላልቅ አገሮች ከትናንሽ አገሮች ጋር ሲሠሩ በመጀመሪያ የማየው የማን ስም የት እንደተጻፈ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመን ልዝለለውና 1957 ላይ ልድረስ። ያ ዓመት ከ60 በላይ አገሮች ምድርንና ከባቢዋን በጋራ ለማጥናት የተነሡበት የዓለም አቀፍ ጂኦፊዚክስ ዓመት መጀመሪያ ነው። ስፑትኒክ የመጠቀችው በዚሁ ማዕቀፍ ውስጥ ነበር። አዲስ አበባም አልቀረችም፤ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ በመሆኗ ቦታዋ ተፈላጊ ነበርና፣ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዌን በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቋሙ። ተቋሙ ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር አለ፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲሰማ ሁላችንም የምንጠይቀው እሱን ነው።

1965 ላይ የሆነው ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። አሜሪካውያኑ ጠፈርተኞች ጎርደን ኩፐርና ፒት ኮንራድ በጄሚናይ 5 በስምንት ቀን ገደማ ምድርን 120 ጊዜ ዞረው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወረዱ። ወር ሳይሞላቸው ለጉብኝት ተላኩ። በመጀመሪያ አቴና ላይ ከሶቪየቶቹ ቤልያዬቭና ሊዮኖቭ ጋር ተገናኙ፤ ሊዮኖቭ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ከመንኮራኩር ወጥቶ በባዶ ጠፈር የተንሳፈፈ የመጀመሪያው ሰው ነው። ከግሪክና ከቱርክ ቀጥሎ ኢትዮጵያ ገቡ፤ ዓደይ አበባ ባለበት በመስከረም 1958 ዓ.ም.። ከጠፈር የተመለሰ ሰው እግር አፈራችንን ረገጠ። ከኛ በኋላ ወደ ማላጋሲ፣ ኬንያና ናይጄሪያ አለፉ።

በዚያው ሰሞን፣ ያኔ በኢትዮጵያ ሥር በነበረችው አስመራ፣ በቃኘው የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ «ስቶንሃውስ» የሚባል ጣቢያ ሥራ ጀምሮ ነበር። ሁለት ግዙፍ ሳሕን አንቴናዎች ነበሩት፤ አንዱ 26 ሜትር፣ ሌላው 46 ሜትር ስፋት ያለው። ሥራቸው ሶቪየቶች ወደ ጨረቃ፣ ወደ ቬነስና ወደ ማርስ የሚልኳቸው መንኮራኩሮች የሚያስተላልፉትን ምልክት መጥለፍ ነው። መንኮራኩሮቹ መረጃ የሚልኩት የክራይሚያው ጣቢያ በሚያያቸው ሰዓት ነበር፤ ኤርትራ ደግሞ ለክራይሚያ በኬንትሮስ የቀረበች ናትና አብራ ታያቸዋለች። እንግዲህ አንዱ እጅ አቴና ላይ ከሊዮኖቭ ጋር ይጨባበጣል፤ ሌላው እጅ በኛ ደጋ ላይ ጆሮውን ወደ ሊዮኖቭ አገር ደቅኗል። ጣቢያው በ1975 ተዘጋ። እኛ በሁለቱም ነገር ውስጥ ነበርን፤ በሁለቱም ግን ባለ መሬት ብቻ ነበርን። መሬት ማዋስ እውቀት አያወርስም።

በ1967 የጠፈር ውል ሲፈረም ኢትዮጵያ ከፈራሚዎቹ አንዷ ነበረች። ውሉ ጠፈርተኞችን የሰው ልጅ ሁሉ መልእክተኞች ይላቸዋል። በሐምሌ 1969 አርምስትሮንግና ኦልድሪን ጨረቃ ላይ ትተዋት በመጡት፣ ሳንቲም በምታክል የሲሊከን ዝርግ ላይ ከ73 አገሮች መሪዎች የተላከ የመልካም ምኞት ቃል ተቀርጿል፤ የኢትዮጵያም አለበት። ለማንበብ ማጉያ መሣሪያ የሚያስፈልገው ደቂቅ ጽሑፍ ሆኖ እስከ ዛሬ እዚያው ተቀምጧል። በሐምሌ 1975 ያው ሊዮኖቭ በሶዩዝ፣ ቶማስ ስታፎርድ በአፖሎ ሄደው ምሕዋር ላይ በተገጣጠሙት መንኮራኩሮች በር ተጨባበጡ። እኛ ያን ጊዜ ጠፈር የምናይበት ልብ አልነበረንም፤ ደርግ ሥልጣን ከያዘ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም።

ደርግ ወደ ሞስኮ ከዞረ በኋላ አንድ በር የተከፈተ ይመስል ነበር። ሶቪየት ኅብረት ከ1978 ጀምሮ የወዳጅ አገሮችን ሰዎች በኢንተርኮስሞስ ማሳፈር ጀመረች። ቼኩ ሬሜክ ቀደመ። ኦጋዴን ላይ ወታደሮቿ ከኛ ጋር የተዋጉላት ኩባ በመስከረም 1980 አርናልዶ ታማዮ ሜንዴዝን ላከች፤ ከአፍሪካ የዘር ሐረግ ጠፈር የደረሰ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ቬትናም፣ ሞንጎሊያ፣ ሶሪያ፣ በመጨረሻም አፍጋኒስታን ተሳፈሩ። ኢትዮጵያ ግን አልተሳፈረችም።

ልቤ አንዳንዴ በዚህ ይቆጫል። ነገር ግን ለአንድ ሳምንት ተሳፍሮ መውረድና ሙያውን ይዞ መቅረት ይለያያሉ። ከሶቪየት ጋር ከነበረን ዝምድና ለጠፈር የዋለው ትልቁ ፍሬ የተገኘው ከኛ አጠገብ ነው፤ በጣና ማዶ፣ ባሕር ዳር። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1963 በሶቪየት ትብብር ተቋቋመ። ከዚያ ከወጡት አንዱ በ1948 ቦንጋ፣ ከፋ ውስጥ የተወለደው ቅጣው እጅጉ ነው። ከባሕር ዳር ጃፓን፣ ከጃፓን አሜሪካ ሄደ፤ ለናሳና ለግዙፎቹ የአሜሪካ የአየርና የጠፈር ኩባንያዎች የመንኮራኩርና የሳተላይት ሥርዓት መሐንዲስ ሆኖ ሠርቶ በ2006 አረፈ። ሩሲያውያን ባሠሩት ወርክሾፕ ብረት መሞረድ የተማረ እጅ በአሜሪካ መንኮራኩር ላይ ዋለ። ከጠፈር ጣቢያው ስምምነት ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ፣ የሁለቱ ባላንጣዎች ትምህርት በአንድ የከፋ ልጅ ተገናኘ። የኔታ «ከኛስ?» ሲሉኝ መጀመሪያ መጥራት የነበረብኝ ይህን ስም ነው።

አሁን ደግሞ ስለ አንድ በረራ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ፤ የኛን ተራራ ያየ ነውና። በየካቲት 1992 ዓ.ም. ኤንደቨር የምትባለዋ መንኮራኩር ስድስት ሰዎች ይዛ ወጣች፦ አራት አሜሪካውያን፣ ጃፓናዊው ማሞሩ ሞሪ፣ ጀርመናዊው ጌርሃርድ ቲለ። ከወጡ በኋላ ከመንኮራኩሯ ሆድ 60 ሜትር የሚረዝም ምሰሶ ዘረጉ። አንዱ ራዳር መንኮራኩሯ ላይ፣ ሌላው ተቀባይ ምሰሶው ጫፍ ላይ ሆኖ፣ እንደ ሁለት ዓይን ምድርን አብረው አዩ። ሁለት ዓይን ጥልቀት እንደሚያሳይ ሁሉ፣ የሁለቱ አንቴናዎች ልዩነት የእያንዳንዱን ጉብታ ከፍታ አስገኘ። ከራዳሮቹ አንዱ የጀርመንና የጣሊያን ነበር። ሰዎቹ በሁለት ተራ ተከፍለው ሌት ተቀን ሠሩ፤ አንዱ ቡድን ሲተኛ ሌላው የሞላውን ቴፕ እያወጣ ባዶ ይከት ነበር። በ11 ቀን ውስጥ 80 ከመቶ የሚሆነውን የዓለም የብስ ለኩ። ደምቢያ ላይ ገበሬው አበራይቶ ጎተራ ባስገባበት በዚያ ሰሞን፣ ሊማሊሞ፣ ራስ ዳሸን፣ የመገጭ ሸለቆ፣ ይህ የቀሐ ጉድባ ሁሉ ተለኩ።

ዝርዝሩ ለብዙ ዓመት የተሰጠን በየ90 ሜትሩ ብቻ ነበር። ሠላሳ ሜትሩ ለዓለም እንደሚከፈት የተነገረው በ2014 ነው፤ የመጀመሪያውም ተራ ለአፍሪካ ደረሰ። ዛሬ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ላይ ስለ ተፋሰስ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ ተማሪ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ መጀመሪያ የሚያወርደው ያንኑ ነው። እኔም አንድ ምሽት ከአንድ ተማሪ ጎን ተቀምጬ አይቻለሁ። ግራጫ ምስል ነው። ውኃው የሚወርድበትን እንዲፈልግ ሲያዘው፣ ሰማያዊ ክሮች ከግራጫው ውስጥ ቅርንጫፍ እየሠሩ ወጡ፤ አንገረብ፣ ቀሐ፣ ከዚያ ወደ መገጭ፣ ከዚያ ጣና። ከሰሜን በኩል ያለው ቁልቁለት በቀይ ታየ፤ አፈሩ ታጥቦ ወደ አንገረብ ግድብ የሚገባበት ነው። ከተማችን የምትጠጣበት የውኃ ማጠራቀሚያ በደለል እየተሞላ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ያን ቀይ ቀለም ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም። ያን ቴፕ የቀያየሩት ሰዎች ስለ ጎንደር ምን ያህል እንደሚያውቁ አላውቅም፤ ልጁ ግን በሥራቸው አባቱ የሚያርሰውን ማሳ ተዳፋት በቁጥር አወቀው።

የራሳችን ተቋም ከዚያ ወዲህ ነው የተወለደው። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ2004 ተመሠረተ። በእንጦጦ ተራራ፣ 3,200 ሜትር ላይ፣ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ቆሙ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ታይዩዋን ማስወንጨፊያ ኢትአርኤስኤስ 1 ወጣች፤ 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ እርሻንና አካባቢን የምታይ ሳተላይት። በአንድ ሮኬት አብራት የወጣችው የቻይናና የብራዚል የጋራ ሳተላይት ናት። ብዙ ሰው ያኔ «ሳተላይቱን የሠራችልን ቻይና ናት» ብሎ አጣጣለ። እኔ እንዲህ አላየሁትም። የኛ መሐንዲሶች በዲዛይኑና በሥራው ገብተው ሠልጥነዋል፤ መቆጣጠሪያውም የቆመው እንጦጦ ላይ ነው። ስቶንሃውስ ላይ ያልነበረው ይህ ነው። ሳተላይት ዕድሜዋ ሲያልቅ ትወድቃለች፤ የሠለጠነው ሰው ግን ቢያንስ ያስተምራል።

ስማችንም ሰማይ ላይ መዋል ጀምሯል። በ2019 የዓለም የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ሲሰጥ፣ የኛዎቹ ቡና እና አቦል ተባሉ። በኅዳር 2023 ሉሲ የተባለችው የናሳ መንኮራኩር ድንቅነሽ በተባለች አነስተኛ አስትሮይድ አጠገብ ስታልፍ ጨረቃ እንዳላት ተገኘ፤ ሰላም ተባለች፣ በዲኪካ በተገኘችው ሕፃን ስም። ዳሎልን ደግሞ ከአሥር ዓመት ገደማ ወዲህ የአውሮፓ ተመራማሪዎች የማርስ አምሳያ አድርገው ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጋር ያጠኑታል። ከመሪዎቹ አንዷ ባርባራ ካቫላዚ ከቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ የባሉጋኒ አገር። ይህን ሳነብ ጎንደር አፈር ውስጥ የቀረው ወጣት ትዝ አለኝ፤ አሁን በጥናቶቹ ላይ የኢትዮጵያውያኑ ስም አብሮ ይታተማል።

ስም ጥሩ ነው፤ መቀመጫ ግን አይሆንም። ወደ ጠፈር ጣቢያው የሚያስገባ ጠባብ በር ግን አለ። የተባበሩት መንግሥታትና ጃፓን በጋራ በከፈቱት ዕድል፣ በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ተማሪዎች አሥር ሴንቲ ሜትር በአሥር ሴንቲ ሜትር የምታክል ሳተላይት ሠርተው ከጣቢያው የጃፓን ክፍል በኪቦ በኩል ይለቃሉ። በዚህ ዕድል የመጀመሪያዋ ኬንያ ናት፤ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ሳተላይት በግንቦት 2018 ተለቀቀች። ከአፍሪካ ሞሪሸስ በ2021 ተከተለች። ኩፐርና ኮንራድ በ1965 ከኛ በኋላ የጎበኙአት ኬንያ የላከችውን እኛ ለመላክ የሚያግደን የተራራ ከፍታ አይደለም። ጣቢያው ደግሞ ጊዜው እያለቀ ነው፤ በ2030 አካባቢ ሥራውን ጨርሶ ውቅያኖስ ውስጥ እንዲወርድ ታስቧል። ቻይና የራሷን ጣቢያ ቲያንጎንግን አቁማለች፤ የአሜሪካ ሕግ ከ2011 ጀምሮ ናሳ ከቻይና ጋር በቀጥታ እንዳይሠራ ያግዳል። መጪው ዘመን ሁለት ቤት የሚሆን ይመስላል። እኛ ከሁለት ባላንጣዎች የመማር ልማድ አለን፤ ባሕር ዳር ምስክር ነው።

በሌላ ቀን የኔታን ማኅሌት ሲወጡ አግኝቼ ይህን ሁሉ ነገርኋቸው። ስለ ቅጣው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ዘወር ብለው «ያ ቤት በስንት ሰዓት ነው ዞሮ የሚመጣ ያልኸኝ?» አሉ።

«በ90 ደቂቃ።»

«ታዲያ ያን ማታ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ለምን እዚያው ላይ አላየነውም?»

«እሱ ሲዞር ምድርም ከሥሩ ትዞራለች። ዞሮ ሲመለስ በቻድ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ወደ ምዕራብ 23 ዲግሪ ገደማ ይርቃል።»

ጣታቸውን አጠፍ ዘርጋ እያደረጉ ቆጠሩ። «እንደ አበቅቴ ነዋ» አሉ፤ «በየዙሩ የሚተርፍ አለው።» ከዚያ የሚቀጥለውን ማለፊያ ጠየቁኝ። ስልኬን ከፍቼ አየሁ፤ በ21፣ ማታ አንድ ሰዓት ከሩብ።

«ማርያም ናት» አሉና ጋቢያቸውን አጣፉ። «ደቀ መዛሙርቱን ይዤ እመጣለሁ። ያቺን የጃፓን በር ለነሱ ትነግራቸዋለህ።»